ለክሩዝ የትኞቹን ደሴቶች እንምረጥ? ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ

"ክሩዝ ልንወጣ ነው፣ ባሃማስ ይሻላል ወይስ ጃማይካ? ኮዙሜልስ እንዴት ነው?" የሚለው ጥያቄ ከዘመድም ከጓደኛም ከማላውቀውም ሰው እየደጋገመ ስለሚመጣልኝና በስልክ ግማሹን ብቻ ነግሬ ስለምዘጋው፣ ሙሉውን እዚህ ልጻፍላችሁ። የምትጠይቁኝ አብዛኞቻችሁ አሜሪካ ስላላችሁ የምጽፈው ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ካሪቢያንን ዞሮ ስለሚመለሰው ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ነው። አውሮፓና ገልፍ ያላችሁም አካሄዱ ይሠራላችኋል፣ ወደቦቹና የወረቀቱ ነገር ግን ይለያል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንያዝ። ክሩዝ ላይ አንድን ደሴት ለብቻው መርጣችሁ አትሄዱም፣ የምትመርጡት መስመር ነው። መስመር ማለት ሦስት ወይ አራት ወደብ አብሮ ታስሮ የሚሸጥ ማለት ነው። ስለዚህ "በጣም የሚያምረው የቱ ነው" ብሎ መጀመር የትም አያደርስም፣ ሁሉም ፎቶው ላይ ያምራል። ለእናንተ የማይሆነውን እየሰረዛችሁ ብትሄዱ ግን ሃያ መስመር የነበረው ቶሎ ሁለት ወይ ሦስት ይቀራል።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

- የሁሉም ተጓዥ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም ቪዛ (ፎቶው ሳይሆን ራሱ ወረቀቱ፣ የሚያበቃበትን ቀን ለማየት)
- የተጓዦቹ ዝርዝር፦ ዕድሜ፣ ጤና፣ ዋና መቻል አለመቻል
- ከሥራና ከትምህርት ቤት ነፃ የምትሆኑባቸው ቀናት፣ ከአጽዋማት ካሌንደር ጋር
- የየመስመሩ ሙሉ ፕሮግራም፣ መርከቡ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት ያለበት
- የየወደቡ ካርታ ስልካችሁ ላይ
- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ወይም ኤክሴል የሚቀናው በኤክሴል

አራቱ መስመሮች ባጭሩ

ባሃማስ፦ ናሶና የክሩዝ ኩባንያዎቹ የግል ደሴቶች፣ ብዙ ጊዜ 3 ወይ 4 ሌሊት። ምዕራብ ካሪቢያን፦ ኮዙሜል፣ ኮስታ ማያ፣ ሮአታን፣ ቤሊዝ፣ ግራንድ ኬይማን፣ ጃማይካ። ምሥራቅ ካሪቢያን፦ ፖርቶ ፕላታ፣ ሳን ሁዋን፣ ሴንት ቶማስ፣ ሴንት ማርተን፣ አንዳንዴም ቶርቶላና ሴንት ኪትስ። ደቡብ ካሪቢያን፦ አሩባ፣ ኩራሳው፣ ቦኔይር፣ ባርቤዶስ፣ ሴንት ሉሺያ፣ ግሬናዳ።

ደረጃ 1፦ ወረቀት ይቅደም

ስለ ቢች ከማውራታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አውጡት። እኛ ቤት አባት ሲቲዝን፣ እናት ግሪን ካርድ፣ አያት ደግሞ ለጥየቃ በቪዛ የመጡ መሆናቸው የተለመደ ነው፣ መስመሩን የሚወስነው ደግሞ ከሁሉም ደካማው ወረቀት ነው። ወደቡ ላይ ካውንተሩ ጋ ወረቀታችሁ ካልተሟላ አያሳፍሯችሁም፣ ገንዘቡም አይመለስም።

ሲቲዝን የሆናችሁ፦ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ለሚመለስ ክሩዝ ያለ ፓስፖርት፣ በልደት ሰርተፊኬትና በፎቶ መታወቂያ መሳፈር ይቻላል። ይሄ ግን አሜሪካ ለተወለደ ነው፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ ዜግነት የወሰደ ሰው ማሳየት ያለበት የዜግነት ሰርተፊኬቱን ነው። ያም ሆኖ ፓስፖርት ያዙ። አንዱ ታሞ ደሴት ላይ ቢቀር ወይ መርከቡ ቢያመልጣችሁ በአውሮፕላን ነው የምትመለሱት፣ ለአውሮፕላን ደግሞ የልደት ወረቀት አይበቃም። እንደ ማርቲኒክ ያሉ አንዳንድ ደሴቶችም ፓስፖርት ይጠይቃሉ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፦ ኦሪጅናል ካርዱንና ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዙ። ሜክሲኮና ባሃማስ ለአጭር ጉብኝት የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ያለ ቪዛ ያስገባሉ። ሌሎቹን ግን በየአንዳንዱ ወደብ ስም እየፈለጋችሁ ከክሩዝ ኩባንያውም ከአገሩ ኤምባሲም አረጋግጡ፣ በተለይ የፈረንሳይ ግዛት የሆኑትን። "ቢበዛ ከመርከብ አልወርድም" ማለት አያዋጣም፣ አንድ ወደብ ላይ ቪዛ ከጎደላችሁ ከመነሻው ላያሳፍሯችሁ ይችላሉ።

⚠️ ማስጠንቀቂያ፦ የጥገኝነት ኬዛችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይሄን ሁለቴ አንብቡት። ቅዳሜ ሄዶ ረቡዕ የሚመለስ የባሃማስ ክሩዝም ቢሆን ከአሜሪካ መውጣት ነው። ቅድሚያ የጉዞ ፈቃድ (አድቫንስ ፓሮል) ሳትይዙ ከወጣችሁ ማመልከቻውን እንደተዋችሁት ሊቆጠር ይችላል፣ ተመልሶ መግባቱም ችግር ይሆናል። ሳን ሁዋንና ሴንት ቶማስ የአሜሪካ ግዛት ናቸው ብላችሁም አትዘናጉ፣ መርከቡ በመሃል ሌላ አገር ይነካል። ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችም ቪዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ እንዲሁ ነው፣ ጠበቃ ሳትጠይቁ ይዛችኋቸው እንዳትወጡ። ጥገኝነት አግኝታችሁ በሪፊውጂ ትራቭል ዶክመንት የምትሄዱም ብትሆኑ ሰነዱን የማይቀበሉ ወይም ቪዛ የሚጠይቁ ደሴቶች ስላሉ በየወደቡ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ወሩን ከመስመሩ ጋር አገናኙ

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ የሚከፋው ደግሞ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ። መርከቡ ማዕበሉን ዞሮ ስለሚያልፍ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ሕይወት ሳይሆን ወደባችሁ ነው፦ ሴንት ቶማስ ብላችሁ ከፍላችሁ ኮዙሜል ልትገኙ ትችላላችሁ፣ ውሉም ይሄን ይፈቅድላቸዋል፣ ሙሉ ገንዘብ መልሱ ማለት አትችሉም። በዚያ ወቅት የግድ ከሆነ አሩባ፣ ቦኔይርና ኩራሳው ከአውሎ ነፋሱ ዋና መንገድ ወደ ደቡብ ወጣ ብለው ስለሚገኙ የመመታት ዕድላቸው አነስተኛ ነው። ደቡብ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በ2024 ጁላይ 1 ቤሪል የሚባለው አውሎ ነፋስ የመታው ግሬናዳ ሥር ያለችውን ካሪያኩን ነው፣ ግሬናዳ ደግሞ ደቡብ የሚባለው መስመር ውስጥ ናት።

ክረምት ላይ፣ ማለቴ የአሜሪካ ክረምት፣ ሰው የሚሳሳተው ባሃማስ ላይ ነው። ጃንዋሪ ላይ ናሶ ከፍሎሪዳ በሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ምክንያት ነፋሻማ ሊሆን ይችላል፣ ውኃውም 24 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ለመቀመጥ ደስ ይላል፣ ልጆችን ውኃ ውስጥ ሙሉ ቀን ለማቆየት ግን ይከብዳል። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ መዋኘት ዋናው ዓላማችሁ ከሆነ ወደ ደቡብ በሄዳችሁ ቁጥር ይሻላል።

ሌላው ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ የባሕር ሣር ነው። ከፀደይ ጀምሮ በጋውን ሙሉ በብዛት ይመጣና ዳር ላይ ተከምሮ ይሸታል። የሚበዛው ወደ ምሥራቅ የዞሩ ቢቾች ላይ ነው፣ ኮስታ ማያ ለምሳሌ በደንብ ይመታል። ወደ ምዕራብ የዞሩት፣ ማለትም የግራንድ ኬይማን ሰቨን ማይል ቢች፣ የኮዙሜል የወደቡ ጎን፣ የአሩባ ኢግል ቢችና ፓልም ቢች፣ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ናቸው። ካርታ ላይ ቢቹ ወደየት እንደዞረ ማየት ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ዋጋውን በተመለከተ በጣም ውዱ የፈረንጅ ገናና አዲስ ዓመት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ደህና ይወርዳል፣ የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ያን ሳምንት ቢያየው ጥሩ ነው። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ ጾሙም አውሎ ነፋሱም ይገጣጠማል። በጾም የምትሄዱ ከሆነ ምግቡ እንዳያስጨንቃችሁ፣ ቡክ ስታደርጉ ቪጋን ብላችሁ አስመዝግቡ፣ መርከቡ ላይም የመጀመሪያው ማታ አስተናጋጁን አነጋግሩ፣ ለሚቀጥለው ቀን ቀድመው ያዘጋጁላችኋል። ሐላል የምትፈልጉም እንዲሁ ቀድማችሁ ጻፉላቸው፣ የመሳፈሪያ ቀን ላይ መጠየቅ ዘግይቷል።

ደረጃ 3፦ የሚሄዱትን ሰዎች አስቡ

እዚህ ጋ "ቴንደር" የሚባለውን ነገር ማወቅ አለባችሁ። አንዳንድ ወደብ ላይ መርከቡ መጠጋት ስለማይችል ባሕሩ ላይ ቆሞ በትንንሽ ጀልባ ያወርዷችኋል። ግራንድ ኬይማንና ቤሊዝ ሲቲ ዋናዎቹ ናቸው፣ ቤሊዝ ላይማ ውኃው ጥልቀት ስለሌለው መርከቡ ርቆ ነው የሚቆመው፣ የጀልባው መንገድ ራሱ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ነው። ከመርከቡ ጎን በተከፈተች በር በኩል እየተወዛወዘች ወዳለች ጀልባ አንድ እርምጃ ትሻገራላችሁ፣ ሁለት ሠራተኞች በግራና በቀኝ ክንዳችሁን ይይዛሉ፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ሲያደርጋት "አሁን" ይሏችኋል። ለወጣት ምንም አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እማማ ግን በጣም ከባድ ነው፣ ዊልቸር ደግሞ ማዕበል ካለ ጨርሶ ላይፈቀድ ይችላል። ስለዚህ አረጋዊ ካለ ከሁለት በላይ ቴንደር ያለበትን መስመር ሰርዙት።

ዋና የማይችል ሰው ካለ (ከኛ አዋቂዎች ብዙዎቻችን አንችልም) የተረጋጋ ውኃ ያለበትን ቢች ፈልጉ። ሴንት ቶማስ ላይ ሜገንስ ቤይ ባሕሩ ወደ ውስጥ የገባበት ቦታ ስለሆነ ረጋ ያለ ነው። አሩባ ላይ ቤቢ ቢች እንደ ስሙ ለሕፃን ይሆናል፣ ከወደቡ ግን ሩቅ ነው፣ በደሴቲቱ ሌላኛ ጫፍ። ኮዙሜል ላይ በምዕራቡ ጎን ብቻ ቆዩ፣ ምሥራቁ ለፎቶ እንጂ ለመዋኛ አይሆንም፣ ውኃው ይጎትታል።

ነፍሰ ጡር ካለች አብዛኛው ኩባንያ ጉዞው በሚያበቃበት ቀን 24 ሳምንት የሞላትን አያሳፍርም። ሕፃን ደግሞ ብዙ ጊዜ 6 ወር የሞላው መሆን አለበት፣ ተከታታይ የባሕር ቀናት በበዙበት ጉዞ 12 ወር ይጠይቃሉ። ይሄን ሳያዩ ወደ ደቡብ የሚሄድ ረጅም መስመር የሚከፍሉ ወላጆች ስላሉ ነው የምጽፈው።

ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ካቢኑን ከመርከቡ መሃልና ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያዙ፣ መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል። የባሕር ቀን የሚያንስበትን መስመርም ምረጡ።

ደረጃ 4፦ የቀኑን ብዛትና መነሻ ወደቡን ወስኑ

ምክንያቱ ርቀት ነው። ከማያሚ ናሶ በአንድ ሌሊት ይደረሳል። ሴንት ቶማስ ግን መሃል ላይ ካልቆሙ ሁለት ሙሉ ቀን ያህል ባሕር ላይ ነው። አሩባ ከፍሎሪዳ በ7 ሌሊት የሚቻል ቢሆንም አብዛኛው ጊዜ ባሕር ላይ ያልቃል፣ ስለዚህ ወይ 8 ሌሊትና ከዚያ በላይ ውሰዱ ወይ በአውሮፕላን ሳን ሁዋን ሂዱና ከዚያ ተነሱ። ከሳን ሁዋን የሚነሱ መርከቦች በ7 ሌሊት አምስት ስድስት ደሴት ይነካሉ፣ በየቀኑ መውረድ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ባልቲሞር አለላችሁ። መኪናችሁን ወደቡ ላይ አቁማችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ቀረ ማለት ነው። የምትከፍሉት ግን በጊዜ ነው። ባሃማስ ለመድረስ ብቻ ሁለት ቀን አካባቢ ይሄዳል፣ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ደግሞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን ጃኬት ነው፣ ባሕሩም ሊነሳ ይችላል። አረፍ ለማለት ለሚሄድ ደህና ነው፣ ደሴት ለማየት ለሚሄድ ግን ፍሎሪዳ መብረሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ሂዩስተንና ዳላስ ያላችሁ ጋልቨስተን ቅርባችሁ ነው፣ ከዚያ የሚነሳው በብዛት የምዕራብ መስመር ነው።

⚠️ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ መርከቡ ከሚነሳበት በአንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። በረራ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን አንብቡ

ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የምወስደው እዚህ ጋ ነው። (ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፣ እናታችሁ በአገር ቤት ሰዓት የምታነብ ከሆነ መመለሻውን በሁለቱም ጻፉላት።)

ፕሮግራሙ ላይ "ኮዙሜል፣ ከጠዋቱ 8፡00 እስከ ከሰዓት 5፡00" ይላል እንበል። ዘጠኝ ሰዓት ይመስላል። መርከቡ ታስሮ፣ ወረቀት ተጣርቶ፣ ሊፍትና ሰልፍ ተጠብቆ መሬት የምትረግጡት 8፡45 አካባቢ ነው። መመለሻው ደግሞ 5፡00 ሳይሆን ከመነሻው ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው፣ 4፡30 በሉት፣ እናንተ ደግሞ 4፡00 ላይ ወደቡ አካባቢ መሆን አለባችሁ። የቀረው ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ቢቹ ሠላሳ ደቂቃ ከራቀ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ቁርስ ላይ ከዘገያችሁ ሌላ አንድ ሰዓት። እንግዲህ አምስት ሰዓት አካባቢ ቀራችሁ ማለት ነው፣ ለአንድ ነገር በቂ ነው፣ ለሁለት አይበቃም። ይሄን ስሌት ለእያንዳንዱ ወደብ ሥሩና ከአራት ሰዓት በታች የቀረበትን "እንዳላየነው" ብላችሁ ቁጠሩት። አራት ወደብ ተብሎ የተሸጠው መስመር ሲመረመር ሁለት ተኩል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

የማታ ወደብንም ለዩ። ሳን ሁዋን ላይ ብዙ መርከቦች ከሰዓት በኋላ ገብተው ማታ ይወጣሉ። ለእራትና ለእግር ጉዞ ግሩም ነው፣ ኤል ሞሮ ምሽጉን ማየት ለሚፈልግ ግን ቀን ብቻ ስለሚከፈት ላይደርስ ይችላል።

⚠️ የመርከብ ሰዓትና የስልክ ሰዓት፦ ኮዙሜልና ግራንድ ኬይማን በጋ ላይ ሰዓታቸውን ስለማይቀይሩ ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይሆናሉ። መርከቡ በማያሚ ሰዓት ከቀጠለ ስልካችሁ 3፡30 ሲል መርከቡ ላይ 4፡30 ሆኗል ማለት ነው። ከመውረዳችሁ በፊት የመርከቡን ሰዓት የእጅ ሰዓት ላይ ሙሉ፣ ስልኩን አትመኑት።

ደረጃ 6፦ ከየወደቡ አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ

የቀሩትን መስመሮች ውሰዱና ከእያንዳንዱ ወደብ ጎን አንድ ቃል ጻፉ፦ ቢች፣ ከተማ፣ ዓሣ ማየት፣ ወይም እረፍት። አንድ መስመር አራቱም ቢች ከሆነ ሦስተኛው ቀን ላይ ልጆቹ ሳይቀሩ ይሰለቻቸዋል። ቅልቅል ያለበት ይሻላል።

ለዓሣና ለኮራል (ባሕር ሥር የሚያድግ ድንጋይ መሰል ሕያው ነገር) ምዕራቡ ይበልጣል። ኮዙሜል፣ ቤሊዝና ሮአታን በአንድ ትልቅ የኮራል ሪፍ ላይ ነው ያሉት፣ ሮአታን ላይ ዌስት ቤይ ሄዳችሁ ከዳሩ ገባ ብላችሁ በስኖርክል (በውኃ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ) ታዩታላችሁ። ግራንድ ኬይማን ላይ ስቲንግሬይ ሲቲ የሚባል ቦታ አለ፣ ባሕር መሃል ባለ አሸዋ ላይ ቆማችሁ ስቲንግሬዮቹ (ጠፍጣፋና ጅራታም ዓሦች) በእግራችሁ መሃል ይሄዳሉ፣ ውኃው ከወገብ እስከ ደረት ነው፣ ዋና የማይችልም ጃኬት አድርጎ ይቆማል። ጃማይካ ላይ የደንስ ሪቨር ፏፏቴን እጅ ለእጅ ተያይዞ መውጣት ደስ ይላል፣ ግን ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ የውኃ ጫማ የግድ ነው፣ ጉልበት ለሚያመው አይሆንም።

ታክሲ ሳይዙ በእግር ለመዞር ምሥራቁና ደቡቡ ይሻላሉ። ሳን ሁዋን ላይ ከመርከቡ ወርዳችሁ መንገድ ስትሻገሩ አሮጌው ከተማ ውስጥ ናችሁ፣ ብር ሳታወጡ ግማሽ ቀን ይሞላል። ሴንት ማርተን ላይ ፊሊፕስበርግ ከወደቡ በእግር 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሱቁም ቢቹም ጎን ለጎን ናቸው። ኩራሳው ላይ ቪለምስታድ ባለ ቀለም ቤቶቿና በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ድልድይዋ ወደቡ አጠገብ ናቸው። ግራንድ ተርክ የምትባለው ደሴት ከሆነች ደግሞ ቢቹ መርከቡ የቆመበት ሥር ነው፣ አረጋውያንና ሕፃናት ላሉት ቤተሰብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አውሮፕላን ጭንቅላት ላይ የሚያርፍበት ማሆ ቢች የሁላችሁም ጥያቄ ነው። ሴንት ማርተን ላይ ነው ያለው፣ ግን ከወደቡ ወዲያኛው ጎን ስለሆነና መንገዱ ስለሚጨናነቅ ሲመለሱ እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ በጊዜ ተነሱ። ከኤርፖርቱ አጥር ጋ ቆማችሁ የሚነሳ አውሮፕላን አትጠብቁ፣ በ2017 አንዲት ቱሪስት የሞተሩ ንፋስ ወርውሯት ሕይወቷ አልፏል።

የግል ደሴቶቹን ንቃችሁ አትለፉ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ካሉ። እንደ ኮኮኬይ ያለው ላይ መርከቡ ራሱ ዳር ይቆማል፣ ምሳው በክሩዙ ዋጋ ውስጥ ነው፣ ታክሲ የለ፣ ድርድር የለ። የሚቀረው ነገር አገር ማየቱ ነው፣ ሁሉም ነገር የኩባንያው ስለሆነ የሰዉን ኑሮ አታዩም። የውኃ ፓርኩም ለብቻው ይከፈላል።

ደረጃ 7፦ ሙሉውን ዋጋ ደምሩ

ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ዋጋ ለአንድ ሰው፣ ካቢኑን ሁለት ሆነው ሲይዙ ነው፣ ብቻውን የሚሄድ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ሊከፍል ይቃረባል። ሁለት መስመር ስታወዳድሩ እነዚህን ሁሉ ደምሩ፦ የወደብ ታክስ፣ ቲፕ፣ ዋይፋይ፣ በረራና ሆቴል፣ ፓርኪንግ፣ ኢንሹራንስ፣ በየወደቡ የምታወጡት።

ቲፑ ብቻውን በቀን በሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። 18 ብንለው፣ አራት ሰው ለ7 ሌሊት 504 ዶላር ይመጣል። ርካሽ የመሰለው መስመር ሁሉም ወደብ ላይ ታክሲና ኤክስከርሽን (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጉብኝት ጉዞ) የሚያስፈልገው ከሆነ፣ 200 ዶላር የሚበልጠውና በእግር የሚዞሩበት መስመር መጨረሻ ላይ ርካሹ ይሆናል። ለዚህ ነው ደረጃ 6 ከዚህ የቀደመው።

የገንዘቡን ዓይነትም እዩ። ባሃማስ፣ ሴንት ቶማስ፣ ቶርቶላና ቦኔይር ላይ የአሜሪካ ዶላር እንደ ቤታችሁ ይሠራል። ግራንድ ኬይማን ላይ ግን ሜኑው በኬይማን ዶላር ሊሆን ይችላል፣ ከአሜሪካ ዶላር ይበልጣል፣ 10 የሚለው 12 ገደማ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት "በየትኛው ዶላር ነው?" በሉ።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻዎቹን ሁለት አፋጥጡ

ሁለት መስመር ሲቀር ሁሉም ሰው "የግድ ማየት እፈልጋለሁ" የሚለውን አንድ ወደብ ይጻፍ፣ አብዛኛው የጻፈው ያለበት መስመር ያሸንፋል። እኩል ከመጣ ወደቦቹ ውስጥ አንዱ ቢሰረዝ የትኛው መስመር አሁንም ደስ ይላል ብላችሁ ጠይቁ። ነፋስ ካለ የሚሰረዘው መጀመሪያ ቴንደሩ ስለሆነ ጉዞው ሁሉ ግራንድ ኬይማን ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ አደጋ አለው። ከዚያ ሪፈንድ በሚፈቅድ ዲፖዚት ያዙት። ቀሪው ክፍያ ብዙ ጊዜ ከጉዞው 90 ቀን ገደማ በፊት ነው የሚጠናቀቀው፣ እስከዚያ ዋጋው ከወረደ ደውላችሁ አስተካክሉልኝ ማለት ትችላላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

መርከቡን አይቶ ደሴቱን መርሳት። ትልቁ አዲሱ መርከብ ውኃ መንሸራተቻው፣ ትርኢቱ ደስ ይላል፣ ግን ወደብ ላይ ከአምስት ሺህ በላይ ሰው አብሯችሁ ይወርዳል። ትንሽ ደሴት ላይ እንዲህ ያለ መርከብ ሦስት ሆኖ የሚቆምበት ቀን አለ። የወደቡን የመርከቦች ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ማየት ይቻላል፣ የምትደርሱበትን ቀን ፈልጉ።

መርከቡ ሊነሳ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው በራስ ታክሲ ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድ። የመርከቡን ኤክስከርሽን ከገዛችሁ ቢዘገይ ይጠብቋችኋል፣ ካልቻሉም በራሳቸው ወጪ ያደርሷችኋል። በራሳችሁ ከሄዳችሁ አይጠብቁም። ቅርብ ቦታ በራሳችሁ፣ ሩቅ ቦታ በመርከቡ፣ እንዲህ ብታደርጉት ገንዘብም ጭንቀትም ይቀንሳል።

ሁሉም ደሴት ሕጉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ። ባርቤዶስ፣ ጃማይካ፣ ሴንት ሉሺያ፣ ግሬናዳና አንቲጓ ላይ የወታደር ዓይነት ቡራቡሬ ልብስ መልበስ በሕግ ክልክል ነው፣ የሕፃን ቁምጣም ቢሆን ተዉት። ሴንት ቶማስ ላይ ኮራል የሚጎዱ ኬሚካሎች ያሉባቸው የፀሐይ ክሬሞች ክልክል ናቸው፣ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡና ዚንክ ያለበትን ውሰዱ።

ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አለማድረግ። ባሕር ላይ ያለው ኔትወርክ በጣም ውድ ነው። ፖርቶ ሪኮና ሴንት ቶማስ ላይ አብዛኛው የአሜሪካ ፕላን እንደ አገር ውስጥ ስለሚሠራ ለቤተሰብ የምትደውሉትን ለዚያ ቀን አቆዩት።

የቡና ዕቃ ይዞ መምጣት። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ማፍያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ሁሉም ካቢን ውስጥ በእሳት ምክንያት ክልክል ነው፣ መግቢያው ላይ ይወስዱታል። ከቤት የተሠራ ምግብም አያስገቡም። ፋብሪካ ያሸገው ደረቅ ነገር ችግር የለውም፣ ግን ፍራፍሬም ሆነ ሥጋ ይዛችሁ ከመርከቡ ወደ ደሴት አትውረዱ፣ ወደቡ ላይ የሚያሸቱ ውሾች አሉ፣ ቅጣትም አለው።